ዕቃ ቤት ውስጥ የፈሰሰው ናይትሮጅን

ሠርክአዲስ ቡሬ ውስጥ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መዳብ በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን እንደልብ እንደሚያሳልፍ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ታስረዳለች፤ በዓይኗ ግን አይታው አታውቅም። ዘንድሮ ለተማሪዎቿ ላሳያቸው ብላ ተነሳች።

ከብት የሚያዳቅለው ይታገሱ የኮርማ ዘር የሚያቆይበት እጅግ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነበረው። ለመነችው፤ አሥር ሊትር ያህል ሰጣት። ዕቃውን ሲያስረክባት ግን ፊቱ አልተፈታም።

«መምህርት፣ ይኼ ነገር አይሸት፣ አያስል። ዝግ ቤት ውስጥ ከፈሰሰ አየሩን ገፍቶ ያስወጣውና ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። አደራዎን፣ በር ከፍተው ይሥሩ።»

«እሺ፣ እከፍታለሁ» አለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ልትሞክረው የትምህርት ቤቱ ጠባብ ዕቃ ቤት ገባች። ከተቃጠለ ሞተር የፈታችውን ረጅም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠቅልላ ከባትሪና ከትንሽ አምፖል ጋር አገናኘችው። አምፖሉ ፍዝዝ ብሎ በራ። ወዲያው ዝናቡ በነፋስ ተገፍቶ ሲገባባት ለአንድ አፍታ ብላ በሩን ጎትታ ዘጋችው።

ወለሉ ረጥቦ ነበር። ናይትሮጅኑን ወደ ባልዲ ልትቀዳ ዕቃውን ስታነሳ እግሯ አዳለጣትና በጉልበቷ ወደቀች። ዕቃው ተገልብጦ ናይትሮጅኑ ፈሰሰ፤ ነጭ ጉም ወለሉን ሞላው። ቅዝቃዜው እግሯን እንዳላቃጠላት አይታ «ተመስገን» አለች። ልትነሳ ብትል ጉልበቷ እምቢ አላት፤ ጆሮዋ ጮኸ። ያነቃት ነገር የለም፣ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሹ ግን ባዶ ነው። ያኔ የይታገሱ ቃል ትዝ አላት። በሩ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። እየዳኸች፣ ድንግል ማርያምን እየጠራች ደረሰችበት። ገፋችው፤ በዝናብ ያበጠው እንጨት ንቅንቅ አልልም አለ። መጮህ አልቻለችም። በመዳፏ መታችው፤ ደግማ መታችው፤ ከዚያ እጇም ዛለባት።

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሀብትነሽ ድምፁን ሰምታ ከውጭ በሩን ሳበችው።

«በሞትሁት! ልጄ፣ ምን አገኘሽ?»

«አይግቡ» አለች ሠርክአዲስ በሹክሹክታ። «እትዬ፣ እንዳይገቡ!»

ሀብትነሽ ደፉ ላይ ቆማ ሠርክአዲስ የለበሰችውን ነጠላ ይዛ ጎትታ ጭቃው ላይ አወጣቻት። ሠርክአዲስ ዝናቡ ፊቷን እየመታት አየሩን ማገችው፤ ደጋግማ ማገችው፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ይታገሱ ሲሰማ ተቆጣ፤ ቢሆንም በሳምንቱ ሌላ ናይትሮጅን ይዞ ራሱ መጣ። ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ቦታ ሠሩት። ሽቦው ሲነከር አምፖሉ ቦግ አለ፤ ተማሪዎቹም በጭብጨባ አቀለጡት። ሠርክአዲስ ግን ብርሃኑን በቅጡ አላየችውም፤ ዓይኗ ጉሙ ወዴት እንደሚሄድ ይከተል ነበር።