ከአንድም ጨዋታ የዘለልኩት ገጽ

መጽሐፉን ያገኘሁት አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አርጅተዋል ብሎ በር ላይ በካርቶን ካስቀመጣቸው መጻሕፍት መካከል ነው። ለአስተማሪዎች የተዘጋጀ ነበር። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ፈረንሳይ አገር ስለኖረ አንድ አይሁዳዊ ሊቅ ለልጆች በቡድን ጨዋታ እንዴት እንደሚነገር ያሳያል። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያወቅኩትን ያወቅኩት ብቻዬን አንብቤ ነው። በስደት በምኖርበት አገር፣ ደንዉዲ በምትባል ከተማ፣ በጥገና ሠራተኛነት በምሠራበት የቢሮ ሕንፃ፣ በምሳ ሰዓት፣ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ መጽሐፉን በአራት ወር ጨረስኩት።

ሊቁ ወይን እያለማ ይኖር ነበር ይባላል። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ የነበሩት ሴቶች ልጆች ናቸው። እኔም ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሰውየው የኦሪትን መጻሕፍት ቃል በቃል እየተከተለ ተረጎመ። የእኛ የትርጓሜ መምህራን «አንድም» እያሉ በአንዱ ፍቺ ላይ ሌላ የሚጨምሩበት ሥራ ትዝ አለኝና ደስ አለኝ። እዚያው አቅራቢያ ክላርክስተን በምትባል ከተማ በምንከራየው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችንን ልጆች አስተምር ስለነበር ጨዋታውን ወደዚያ ወሰድኩት።

የልጅ ልጃቸውን ሊያደርሱ የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት በር ላይ ያዙኝ።

«መምህር፣ አይሁድ ደግሞ ልጆቻችንን ምን ሊያስተምር ነው?»

«እናቴ፣ ጠዋት ጠዋት ዳዊት ሲደግሙ ዳዊት የየት አገር ሰው መስሎዎት ነው?»

ሳቁና ልጁን ትተውልኝ ሄዱ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። በትልቅ ወረቀት መሃል ጥቅስ ይጻፋል፤ ልጆቹ በአራት ቡድን ዙሪያውን ይቀመጣሉ። አንዱ ቡድን ስለ ጥቅሱ ይጠይቃል፤ ተጠያቂው «አንድም» ብሎ ፍቺ ይሰጥና በኅዳጉ ላይ ይጽፈዋል። ለፍቺው አንድ ነጥብ ያገኛል። መጽሐፉ ሌላም ሕግ ነበረው፤ አስቦ አስቦ «አላውቅም» ያለ ልጅም እኩል ነጥብ ይሰጠዋል። ሊቁ ራሱ ፍቺው ሲጠፋበት አላውቅም ብሎ የጻፈባቸው ቦታዎች አሉና። ያንን ገጽ ሁለቴ አንብቤ ዘለልኩት። ስንፍናን መሸለም መሰለኝ። በምትኩ የራሴን ሕግ አወጣሁ፤ አላውቅም ያለ ከጨዋታ ይወጣል።

ሦስት ቅዳሜ ሰመረልኝ። ከሁሉም የገረመችኝ ልጄ ናት። ከዚያ በፊት ስጠይቃት በአንድ ቃል ትመልስልኝ የነበረችው፣ አሁን መኪና ውስጥ ሆና ቤት እስክንደርስ ጥያቄዋ አያልቅም። ከጨዋታው የፈለግኩት ይኸንኑ ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ አብርሃም ልጁን ይስሐቅን ሊሠዋ ወደ ተራራ ስለ ወጣበት ቀን ጻፍኩ። የመልስ ተራው የልጄ ቡድን ነበር። ከወዲያ ማዶ አንድ ልጅ ጠየቀ።

«ሲወጡ አብረው ነው የወጡት። ሲመለሱ ግን አብርሃም ተመለሰ ነው የሚለው። ይስሐቅስ?»

ልጄ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «አላውቅም» አለች።

«አስቢ እንጂ!»

«አሰብኩ እኮ፣ አባዬ። አልተጻፈም።»

«አንድም በይ።»

«እሺ፣ አንተ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ያን ቦታ ስንት ጊዜ ሳነበው ልብ ብዬው አላውቅም። ልጆቹ ሁሉ ያዩኛል።

«ከአባቱ ጋር ነዋ! ሌላ የት ይሄዳል?»

«የቱ ጋ ነው የሚለው?»

«ሕጉን ታውቂዋለሽ። ውጪ!»

«ዮ! የራሱን ልጅ ኤሊሚኔት አደረጋት!» አለ ጠያቂው፤ ሌሎቹም ሳቁ። እሷ የማርከሩን ክዳን ገጥማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ግድግዳው ሥር ካለው ወንበር ሄዳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

ከዚያ በኋላ አስገድጄ አመጣት ነበር፤ ቦታዋ ግን ያ ወንበር ሆነ። ሌሎቹም ብልጠቱን ተማሩ። ማንም አላውቅም አይልም። «አንድም፣ ይስሐቅ ታክሲ ጠርቶ ሄደ» አለኝ አንዱ፤ በራሴ ሕግ መሠረት ነጥብ ሰጠሁት። ያላወቀውን አላውቅም የማይል አባት ልጆችን የሚያስተምረው መዋሸትን ነው። ይህን ለሌሎች አባቶች ስናገር እኔ ቀድሜ እንደሠራሁት እየተናገርኩ ነው። በጋው ሲያልቅ አራት ልጆች ቀሩ፤ ቀጥሎም የአዳራሹን ቁልፍ መለስኩ።

ልጄ አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመልሳት፣ የትራፊክ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ ሦስት ዓመት አምቄ የያዝኩትን አወጣሁት።

«ያን ቀን የጠየቅሽኝን እኔም አላውቀውም ነበር። የመጽሐፉም ሕግ እንደዚያ አልነበረም።»

አንዱን ኢርፎን ከጆሮዋ አወጣች። «የቱን ቀን?»

ነገርኳት።

«ኦ፣ ያ! ኢትስ ፋይን፣ አባዬ።»

«አሁንስ? ይስሐቅ የት የሄደ ይመስልሻል?»

«እንጃ» አለችና ኢርፎኑን መለሰችው።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። መጽሐፉ ነጥብ የሚሰጠው አስቦ አላውቅም ላለ ነው። እሷ አላሰበችም።