ፈታኙ ቲማቲም

የመብራት ላቦራቶሪው በር ላይ ቦርሳ የምትፈትሸው ጥበቃ ተመራማሪውን ሰውዬ የምታውቀው በቲማቲሙ ነው። አንድ የበሰለ ቲማቲም ሳይዝ ላቦራቶሪው ገብቶ አያውቅም። እንደ ወረቀት የሳሳ መብራት ይሠራል አሉ፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ደራርቦ ነጭ ያወጣል። ብርሃኑ የነገሮችን ቀለም በትክክል ማሳየቱን የሚፈትነው ቲማቲሙን ከሥሩ አስቀምጦ ነው።

«ዛሬስ ቲማቲሙ አለፈ?» ትለዋለች ሲወጣ።

«ምን ያልፋል እህቴ! ቀዩን ስቀንሰው መብራቱ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ቲማቲሙ ግን ሬሳ ይመስላል። ቀዩን ስጨምረው ቲማቲሙ ነፍስ ይዘራል፤ መብራቱ ደግሞ እንደ ጅብ ይበላል።»

ይህን ብሎ ቲማቲሙን ይገምጥና ሸሚዙ ላይ እያንጠባጠበ ይሄዳል።

ዛሬ ጠዋት ግን ቲማቲም የለም። ቦርሳው ውስጥ ያገኘችው ለብዙ ጊዜ ተጣጥፎ የኖረ፣ ሽቶው ገና ያልለቀቀው ቀይ የሴት ሻርፕ ነው። ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አፏን ቢበላትም ዚፑን ዘጋችለት።

አመሻሽ ላይ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ወጣ።

«አለፈ?»

«ወደቀ!» አላት፤ ጥርሱ አልከደን ብሎት። «መብራቱ ኤሌክትሪኩን ጠጥቶ ጨረሰው። የሻርፑ ቀለም ግን፣ እህቴ፣ ከብርሃኑ ሥር ሳየው ልክ ያኔ የወደድኳት ሴት ለብሳው እንደመጣችው ነው።»