ካርታው መሀል ያለው ቤት

ጎንደር ከተማ መርማሪ ሆኜ ስሠራ ከተማርኩት ሁሉ የወደድኩት ሌባን በካርታ መፈለግን ነበር። ሌባ ደጃፉ ላይ አይሰርቅም፣ ከቤቱም ብዙ አይርቅም ይባላል። ስርቆት የተፈጸመባቸውን ቦታዎች ምልክት አድርገህ መሀላቸውን ብታይ፣ ቤቱ እዚያ አካባቢ ይሆናል። ጠባዩን ደግሞ ከአሠራሩ ታነባለህ። እኔ ትንሽ ዕውቀት ቶሎ የሚያሞቀኝ ሰው ነኝ።

ኮሶዬ አካባቢ፣ የተወለድኩበት ቀበሌ ውስጥ በሬ መጥፋት ሲበዛ ጉዳዩ ለእኔ ተሰጠ። በሬዎቹ የሚጠፉት በጠራራ ፀሐይ፣ አገሩ ሁሉ ቀብር ላይ ሲሆን ነው። እኛ ዘንድ ከቀብር የሚቀር ሰው የለም፤ የታመመ እንኳ ተደግፎ ይሄዳል። ስለዚህ ሌባው ቢቀር "የት ነበርክ?" የማይባል፣ መንገዱን የሚያውቅ፣ ከሰው የተገለለ፣ ምናልባትም ታስሮ የሚያውቅ መሆን አለበት ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ካርታውን ዘረጋሁ። ምልክቶቹ የከበቡት የእናቴን ቤት ነበር።

እዚያ ቤት ከእናቴ ጋር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። በወጣትነቱ በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው ገድሎ እስሩን ጨርሷል፤ እርቅ ግን አልወረደም። ደም ያለበት ሰው ደግሞ ከሟች ዘመዶች ጋር ለቅሶ አይቆምም። ለአለቃዬ እውነቱን ነግሬ፣ መጀመሪያ እኔ ላነጋግረው ብዬ ሄድኩ።

ከቤታችን በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"አያ፣ ቀብር ሲሆን የት ነው የምትውለው?"

"እዚሁ። ከዚህ ሆኜ እቀብራለሁ" አለኝ። ከታች ቤተ ክርስቲያኑ ይታያል፤ የበሬዎቹ መንገድም ይታያል።

"በሬዎቹን የሚነዳውን አይተኸዋል ማለት ነው።"

"አይቼዋለሁ። እኔ የገደልኩት ሰው የአጎት ልጅ ነው፤ ከቀባሪው መሀል ሹልክ እያለ ይወጣል።"

"ምነው ታዲያ ዝም አልክ?"

"ደመኛ በደመኛው ላይ ሲመሰክር ማን ያምነዋል?"

እሱ አስቦበት ኖሯል። "እሰረኝ" አለኝ። "እኔ ውስጥ ሆኜ በሬ ከጠፋ ያኔ ይሰሙኛል።" ይህን ያለው የእስር ቤትን ኑሮ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። አብሮኝ ወርዶ እጁን ሰጠ።

ቀጣዩ ቀብር የእናታችን ሆነ። ሞቷ ድንገተኛ ነበር፤ በአገራችን ሬሳ አያድርም፤ ወንድሜን የማስወጣበት ፈቃድ ሳይደርስ አፈር ለበሰች። በዚያው ቀን የጎረቤታችን የእርሻ በሬ ጠፋ። የአገር ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ የወንድሜን ቃል ሰሙ፤ ሌባውም በሬውን ወደ አዲ አርቃይ ሊያስጭን ሲል ተያዘ። አለቃዬ ካርታው ወደ ምስክሩ መራህ ብሎ አመሰገነኝ። ምስጋናው አስጠላኝ።

ወንድሜ ሲፈታ የእስር ቤቱ በር ላይ ጠበቅሁት። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ ጠየቀኝ።

"ቃሬዛዋን ማን ያዘ?"

"ከፊት እኔ ያዝኩ።"

"ከጎንህስ? በእኔ ቦታ?"

ልደብቀው አልፈለግሁም። ቦታው ባዶ መሆኑን አይቶ፣ ከሰው መሀል ወጥቶ ትከሻውን የሰጠው፣ እሱ የገደለው ሰው አባት ነበር። ስነግረው ወንድሜ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳብ አድርጎ መንገዱ ዳር ተቀመጠ።