ሁለት ቤት፣ ሁለት ላም

ልጅ እያለሁ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ሦስተኛ ክፍል ስደርስ ከብት ጥበቃ ወሰደኝና በዚያው ቀረሁ። ስለዚህ የማወራችሁ የልጅነት ትዝታ የኔ ሳይሆን የልጄ የጡሜ ነው። በእሷ ልጅነት ውስጥ እኔም ሁለተኛ ልጅ ሆኜ ነበር ብል ግን አልዋሸሁም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ከዱብሉቅ ተነስተን ነገሌ ገብተን፣ ገበያው ጥግ ላይ ጨው እሸጥ ነበር። የኛ አገር ሰው ያውቀዋል፤ ከጉድጓዱ በአህያ የሚወጣው ጥቁሩ፣ ጭቃ ጭቃ የሚሸተው፣ ከብት የሚወደው ጨው። ጡሜ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ ደብተሯን ትገልጣለች፣ እኔ ጨው እሰፍራለሁ። አንድ ቀን አንድ አንኳር አነሳችና "አባ፣ ይሄ እኮ ሁለት ነገር ነው" አለችኝ። አንደኛው ሶዲየም ይባላል፤ ለብቻው ሲሆን ውሃ ከነካው ይነዳል። ሌላው ክሎሪን ነው፤ ለብቻው መርዝ ነው። ሶዲየም ዳር ላይ ያለችውን አንዲት ኤሌክትሮን ለክሎሪን ጨርሶ ይሰጠዋል። ከዚያ ሰጪና ተቀባይ ይሳሳባሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ጨው ይሆናሉ። ስንት ዓመት በአህያ ስጭነው የኖርኩትን ነገር ገና ያን ቀን አየሁት። አንኳሩን ይዤ ፈዝዤ ስቀር፣ ገዢዋ "ሰውዬው፣ አይሰፍሩም እንዴ?" አለችኝ።

ይህን የምታስተምራት ቲቸር ሰናይት ነበረች። አባቷ ከጎጃም የመጣ ወታደር፣ እሷ ግን እዚሁ ነገሌ የጦር ካምፕ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት። ገበያ ላይ ካየችኝ በኦሮምኛ "አካም፣ ናጋ አባባ?" ሳትለኝ አታልፍም። ጡሜ ስትናገር አማርኛው ከቤታችን ቋንቋ ጋር ይቀላቀልባታል፤ ክፍል ውስጥ በቆመች ቁጥር ይስቁባት ነበር። ቲቸር ሰናይት ታዲያ ምን አደረገች? በወላጆች ቀን አተሞች እንዴት እንደሚያያዙ ጡሜ ታስረዳለች፣ በመጣላት ቋንቋ ትናገር፣ አለች። የዚያን ዕለት ጠዋት ጡሜ ሻሿን እያሰረች፣ "ዛሬም ከሳቁብኝ ግን አባ፣ ሁለተኛ አልመለስም። ከእርስዎ ጋር ጨው እሸጣለሁ" አለችኝ። ልጄን አውቃታለሁ፣ ካለች አለች ነው።

ክፍሉ በሰው ተጨናንቋል። ቆርቆሮው ግሏል፣ የጠመኔው ብናኝ አፍንጫ ይገባል፤ እኛ ሽማግሌዎቹ የልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ተቀምጠናል። ጡሜ ሰሌዳው ላይ ክብ ክብ ነገር ሳለች። "ውሃ እንደ ጨው አይደለም" ብላ ጀመረች። "ውሃ ውስጥ ማንም ጨርሶ አይሰጥም፣ ይካፈላሉ። እንደ ደባሬ ነው።" ለካምፑ ሰዎች ብላም አስረዳች፤ ደባሬ በቦረና፣ ያለው ሰው ለሌለው የምትታለብ ላም የሚያውስበት ደንብ መሆኑን። "ሃይድሮጅን ለኦክስጅን ደባሬ ይሰጣል። ላሟን ሁለቱም ያልቧታል።"

ከፊት የተቀመጡት የአንድ የካምፑ መኮንን ባለቤት ወይዘሮ አስካለ፣ "እኔን! ላሟ ደግሞ ከየት መጣች? ኬሚስትሪ መስሎኝ!" አሉ። ትንሽ ተሳቀ። እሱስ ባለፈ ነበር። እኔ ነኝ ጉዱን ያመጣሁት። ሳላስበው ብድግ ብዬ፣ "ልጄ፣ ደባሬ እንዲያ አይደለም! ወተቱን የሚጠጣው የተዋሰው ቤት ብቻ ነው። ሁለቱም ያልባሉ ያልሽው ከየት አምጥተሽ ነው?" አልኳት።

"በሉ፣ አባትየውም ገቡበት!" አሉ ወይዘሮ አስካለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ያኔ ነው የጠዋቱ ንግግሯ ትዝ ያለኝ። ቁጭ አልኩ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጡሜ ጠመኔውን ይዛ ቆማለች። ቲቸር ሰናይት ልትሸፍንላት አልሞከረችም፤ እኔንም አልተቆጣችም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና ቀስ ብላ፣ "ጡሜ፣ አባትሽ ልክ ናቸው ወይስ አይደሉም?" አለቻት።

ጡሜ ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች። "ዱጋ ነው፤ እውነታቸውን ነው" አለች፣ የሳለችውንም በመዳፏ አጠፋችው። "ሌላ እናድርገው። ሁለት ድሃ ቤት አለ። እዚህም አንድ ላም፣ እዚያም አንድ ላም። ለአንዱ ቤት አንድ ላም አትበቃም። ስለዚህ ሁለቱን ላሞች በመሃላቸው ባለው አጥር ላይ ያስሯቸዋል። ይሄኛው ቤት ሲቆጥር ሁለት ይላል፣ ያኛውም ሲቆጥር ሁለት ይላል። ሁለቱም አይዋሹም። ላሟ ኤሌክትሮን ናት። ኦክስጅን ደግሞ ሁለት ይጎድሉታል፤ ሁለት ሃይድሮጅን ጎረቤት ይይዛል። ውሃ ማለት ይሄ ነው።"

"ቢጣሉስ?" አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ አሁን ወደ ፊት ሰገግ ብለዋል።

"ከተጣሉ ሁለቱም ይደኸያሉ እማማ። በቀላሉ አይለያዩም።"

እንደገና ተሳቀ። ይሄኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር፤ ጡሜ ራሷም ስቃለች። ቲቸር ሰናይት ወደኔ ዞራ፣ "አባባ ወዳሉት የሚቀርብም አለ" አለች። "የኤሌክትሮኑን ጥንድ አንዱ አተም ብቻ አምጥቶ ሁለቱ የሚካፈሉት። ገና እንደርስበታለን።" ስንት የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ ልጅንም አባትንም እንደዚያ አክብሮ ያረመ ግን አላየሁም።

ወደ ቤት ስንሄድ "አፌ አመለጠኝ ልጄ" አልኳት። "ባይነሱ ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው ስህተት ይዞ ይገባ ነበር" አለች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ፣ "ደንግጫለሁ ግን" አለች። ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነስታ ደብተሯን ይዛ ወጣች።

ዛሬ ጡሜ የጉድጓድ ውሃ የሚመረመርበት ቤት ትሠራለች። የልጅ ልጆቼ አተሙን በስልክ ያሳዩኛል፤ ቀይና ነጭ ኳስ እየተሽከረከረ ሲገጣጠም እንዴት ያምራል! እኛ ያኔ በጠመኔ ክብ ስንደነቅ የነበርን ሰዎች ይህን ለማየት መብቃታችን ራሱ ይገርመኛል። ላሙ ግን በድርቁ አለቀ። ባለፈው ዱብሉቅ ስሄድ ደባሬ የሚሰጥ ቤት በጣት የሚቆጠር ሆኖ አገኘሁት። ነገሌ ያደጉት ልጆች ቃሉን ሰምተው፣ "አባባ፣ ደባሬ ምንድን ነው?" ይሉኛል።

"ኬሚስትሪ ተምራችኋል?" እላቸዋለሁ። ተምረናል ሲሉኝ ከሃይድሮጅን እጀምርላቸዋለሁ።