በካርቲየ 1 የተጻፈ የክረምት ድርሰት

የጋለ ሲሚንቶ ላይ ውኃ ሲደፋ የሚነሣው ሽታ አሁንም በየሄድኩበት ያቆመኛል፤ በቀደም አንድ የካፌ አስተናጋጅ በረንዳውን ለማቀዝቀዝ በባልዲ ሲረጭ ሸተተኝና፣ መንገድ ልሻገር አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ እንዳደረግኩ ቆሜ ቀረሁ። ጅቡቲ በነበርንበት ጊዜ እናቴ በየማለዳው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የቤታችንን ወለል እንዲህ ታርሰው ነበር፤ ውኃው ጨው ጨው ስለሚል ሲደርቅ ነጭ ካርታ እየሠራ ይቀር ነበር፣ እኔም በካርታው ላይ አገር ስፈልግ የስም ጥሪው ያልፈኝ ነበር።

የሄድነው ለስድስት ወር ነበር። የአገሩ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ በዞረ ጊዜ አባቴን የትራንዚት መሥሪያ ቤቱ ላከው፣ እኛም ተከትለነው ከናዝሬት ወርደን ካርቲየ 1 በሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን፤ እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ ሄኖክ ስምንት። ስድስት ወር ነው እየተባለ ቁም ሣጥን ሳይገዛ ልብሳችን ከሻንጣ ወጥቶ ሻንጣ ይገባ ነበር፣ ስድስት ወር ነው እየተባለ የሰፈሩ የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ሳንገባ ቀረን፣ ስድስቱ ወርም እየተጎተተ አምስት ዓመት ሆነ። እናቴ ናዝሬት አስተማሪ ነበረች። የድሮ ትምህርት ቤቷን ለምና ስማችን ከመዝገብ እንዳይወጣ አደረገች፤ እሷ ቤት ታስተምረናለች፣ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና በታሸገ ፖስታ በከባድ መኪና ሾፌር እጅ ይላክልናል፣ የሠራነውም ታሽጎ ይመለሳል። በፈተናው ልጆቿን እንደማትረዳ ቃሏን ሰጥታ ነበር።

ሰሌዳችን አባቴ ከወደብ ያመጣው ኮምፔርሳቶ ነበር፤ የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ፣ ከሰሉን ወቅጦ ቀባው። ማለዳ ማለዳ ቦርሳችንን ይዘን በጓሮ በር እንወጣና ግቢውን ዞረን በፊት ለፊት በር እንገባ ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «እማዬ» ማለት ክልክል ነው፣ «ቲቸር» ብቻ። ሰባት ሰዓት ገደማ ጫት የጫኑት መኪናዎች ጥሩንባቸውን እያስጮኹ ሲያልፉ ሰፈሩ ሁሉ ይነቃነቃል፣ እኛም ደብተር እንዘጋለን። ሌላ ደወል አልነበረንም። የቤቱ ባለቤት እማማ ሐዋ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ስለነበረች አማርኛዋ ከእኛ ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር፤ በራፏ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

«ዛሬ ማን አንደኛ ወጣ?»

«ሄኖክ።»

«አንቺስ?»

«ሁለተኛ።»

«ከስንት?»

«ከሁለት።»

«ወላሂ፣ ጎበዝ! መጨረሻ እንዳትወጪ ብቻ!»

ከኅዳር እስከ የካቲት ከተማዋ ደግ ትሆን ነበር። ነፋሱ ከባሕር ይመጣል፣ አርብ አርብ አባቴ እረፍት ሲሆን ባሕሩ ዳር ያለው ራስ ዲካ ድረስ በእግራችን ሄደን መርከብ እንቆጥራለን፤ ዝናብ የሚባለውም ያኔ ነበር፣ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ድንገት ወርዶ መንገዱን ሐይቅ አድርጎት ይሄዳል፣ ሕፃናቱ ሁሉ ልብሳቸውን ጥለው ይወጣሉ። ግንቦት ሲገባ ግን ነገር ይለወጥ ነበር፤ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን እየነዳ ይመጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ እማማ ሐዋ በሯን ቆልፋ ድሬዳዋ ዘመዶቿ ጋ ትሄዳለች፣ አቅም ያለው ሁሉ ይሸሻል።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ፈተናውን ካለፍን በመስከረም ናዝሬት አክስታችን ዘንድ ሆነን ሁለታችንም እውነተኛ ትምህርት ቤት እንደምንገባ ተወሰነ። ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል፣ ከኋላዬ የሚቀመጥ ሰው! በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር አልነበረም።

ፖስታው ሰኔ መጀመሪያ ደረሰ። እናቴ ዓይናችን እያየ በምላጭ ቀደደችው፣ ጀርባ ለጀርባ አስቀመጠችን። የአማርኛው የመጨረሻ ጥያቄ «ክረምት በአካባቢያችሁ ምን ይመስላል? ግለጹ» ይል ነበር። ቀላል መሰለኝ። «በክረምት ሰው ቤቱን ቆልፎ ይሄዳል» ብዬ ጀመርኩ። «ነፋሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ፍየሎች የቆመ መኪና ሥር ይተኛሉ። መብራት ሲጠፋ እናቴ በደብተር ታራግበናለች። በክረምት ዝናብ አይዘንብም።»

የእናቴ የነጠላ ጫማ ድምፅ ከኋላዬ ቆመ። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ቀና ልል ስል ወደ መስኮቱ ሄደች፣ የጫቱ መኪና እስኪያልፍ ድረስም ፊቷን አላዞረችም።

በዚያው ቀን አባቴ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«አንዲት መስመር ጻፊላቸውና ጨምሪበት፤ ልጅቷ ያደገችው እዚህ ነው በያቸው። ይገባቸዋል።»

«ፈታኝ ፖስታ ውስጥ ደብዳቤ አይከትም።»

«እናት አይደለሽም እንዴ?»

«ከሰባት ሰዓት በኋላ ነኝ፤ ፈተናው ግን ከሰባት በፊት ነበር» አለች፤ ፖስታውን በሙጫ አሸገችው።

ውጤቱ ከታረመው ወረቀት ጋር በሐምሌ መጣ። ሄኖክ አለፈ፣ እኔ በሁለት ነጥብ ወደቅኩ፤ ከድርሰቴ ግርጌ በቀይ «ክረምት ዝናብ የሚዘንብበት ወቅት ነው፤ ምሳሌ፦ ጭቃ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፣ ነጥቡ ዜሮ። በመስከረም ሄኖክ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ አዲስ ጫማውን ለማሳየት እግሩን በመስኮት አውጥቶ ሄደ። እኔ አቧራው እስኪበን አለቀስኩ፣ አንድ ወር ሙሉም «ቲቸር» አልልም አልኩ።

«አይተሽ ነበር አይደል?» አልኳት አንድ ቀን።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ያን ቀን ብናገር፣ ሄኖክ ያለፈውም እኔ ያለፍኩለት ይሆን ነበር» አለች፤ ከዚያ ከመጽሐፉ የሌለ የቤት ሥራ ሰጠችኝ፣ ወደቡን ሄጄ እንዳይና ያየሁትን ብቻ እንድጽፍ። ያን ዓመት በሙሉ እንዲያ አደረግን።

አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ጣሪያዬ ላይ ያለማቋረጥ ይዘንባል፤ ቀዩ እስክሪብቶ ትክክል ነበር። ሄኖክ መሐንዲስ ሆኗል። ከዚያች መኪና በኋላ፣ እኛ በዓመቱ ስንመለስም አክስታችን ዘንድ ስለቀረ፣ ከእናቴ ጋር ከአንድ ክረምት በላይ አብሮ አልኖረም፤ ቤቷ ሲመጣ እንደ እንግዳ የወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ውኃ ሲጠማው እንኳ ያስፈቅዳል። ባለፈው በዓል እናታችን ጓዳ በገባችበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ከሄድኩ በኋላ እዚያ ቤት ምን ምን ታደርጉ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ባለ ዩኒፎርሙ እሱ ስለነበር የምቀናው እኔ ነበርኩ።

«ሲሞቅ እግራችንን ሳፋ ውስጥ ነክረን እንማር ነበር» አልኩት።

«ቲቸርም?»

«እሷም።»

ሳቀና «ሌላስ?» አለኝ።