መቀርቀሪያው ሺንሺቾ ላይ እምቢ ያለ ዕለት

በጃንሆይ ዘመን፣ ሃምሳዎቹ መግቢያ ላይ፣ ሆሳዕና ውስጥ በር የሚሠሩ አናጺዎች ሞልተው ነበር። አንዴ ከተዘጋ ተዘጋ የሚባል በር የሚሠራ ግን ጠና ብቻ ነበር። የጠና በር ሲዘጋ ነፋስ እንኳ ደጅ ቆሞ ያስፈቅዳል ይባልለታል። አንድ ነጋዴ የመጋዘኑ ቁልፍ ቢጠፋበት በሩን ትቶ ግድግዳውን አፍርሶ ገባ። ግድግዳው ፈርሶ በሩ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ያን ክረምት በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ባርኔጣውን እያነሣ ያልፍ ነበር አሉ።

ጠና ራሱም እንደ በሩ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ አፉ ግጥም፣ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ ሚስት የሌለው። ያደገው ከብትና ሰው አብሮ በሚያድርበት ጎጆ ውስጥ፣ ጅብ መዝጊያውን ሲቧጭር እየሰማ ነው። ስለዚህ ለእሱ በር ማለት ውጭ ያለውን ውጭ የሚያስቀር ነገር ነው። ውስጥ ያለው ሰው መውጣት ሊያምረው ይችላል የሚለው ሐሳብ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ውልም ብሎለት አያውቅም።

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ያመጣችበት ትርፊት ናት። ትርፊት ሺንሺቾ ጸሎት ቤት ውስጥ ፊደል የምታስተምር፣ የምትናገረውን አስቀድማ የማታኝክ ሴት ነበረች። ለጉባኤ ሆሳዕና መጥታ ጠና አዲስ የሰቀለውን የጸሎት ቤት በር ከላይ እስከ ታች አየችው፤ አንኳኳችው፤ ገፋችው።

«በሩ ያምራል» አለች። «ከውስጥ መክፈቻው የት ነው?»

ጠና ደነገጠ። መልስ ፍለጋ በሩን አየ፣ መዶሻውን አየ፣ ሰማዩን አየ። መልስ ሳያገኝ እሷ ሄደች፤ እሱ ግን እዚያው ቆሞ ሲመሽ ዘበኛው ነው ወደ ቤቱ የመለሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስማር መምታቱን ትቶ አውራ ጣቱን መምታት ያዘ። የሰፈሩ ሰው ነገሩ ገባው፤ ሽማግሌ ተላከ።

የትርፊት አባት አቶ ማቴዎስ ግን በዋዛ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ቆመው ነው የሚናገሩት፤ የልጅቱ አባት «ተቀመጡ» ካለ ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው። የጠና ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሺንሺቾ ድረስ ሄደው፣ ሁለት ጊዜ እንደቆሙ ተመልሰው መጡ። በሦስተኛው ጊዜ የቁርጥ መልስ ይሰጣል ተባለ። ተቀመጡ ከተባለ ሠርግ ነው። ካልተባለ ጠና ከአውራ ጣቱ ጋር ይኖራል።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ሳህሉ ነበሩ፤ ጉራጌ አገር የተወለዱ፣ ሆሳዕና መሐል ሱቅ ያላቸው ነጋዴ። አውቶቡስም ነበራቸው። ማለት እሳቸው አውቶቡስ ነው ይሉ ነበር። ነገሩ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የጭነት መኪና ነው፤ ከኋላው የእንጨት ቤት ተሠርቶ፣ አግዳሚ ተደርድሮ፣ መስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ ተመትቶ አውቶቡስ የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ለብቻው ነው፤ ኋላ ያለው ሕዝብ ቢዘምር ቢያለቅስ አይሰማም።

የዚህ አውቶቡስ ሕመም በሩ ነበር። ጉድጓድ በገባ ቁጥር መቀርቀሪያው ይዘልና በሩ ብርግድ ይላል። አንድ ሙክት አንጋጫ ላይ ወርዶ ዱራሜ ላይ በእግሩ ደረሰባቸው። አንድ ሰባኪ ደግሞ ስለ ዕርገት እያስረዳ ሳለ በሩ ተከፍቶ እሱ ወረደ። በዚህ ጊዜ አቶ ሳህሉ «ጠናን ጥሩልኝ» አሉ።

ጠና መጥቶ የብረቱን መቀርቀሪያ በንቀት ነቅሎ ጣለው። በምትኩ ለጎተራ የሚሠራውን ዓይነት፣ የሰው ክንድ የሚያህል የወይራ መወርወሪያ ገጠመ። መወርወሪያው ሲገባ ምላስ የሚላት ቁራጭ እንጨት ከላይ በራሷ ክብደት ትወድቅና ትነክሰዋለች። ምላሷን የሚያነሣት አንድ ጠፍር ብቻ ነው፤ እሱም በሽንቁር አልፎ ወደ ውጭ፣ ረዳቱ ወደሚቆምበት ወጣ። የመቀርቀሪያውን የውስጥ ወገን በጣውላ ሣጥን ግጥም አድርጎ ሸፈነው።

«ተሳፋሪ እጁ አያርፍም» አለ።

ተገኘ የሚባለው ረዳት ጠፍሩን ሳብ ሳብ አድርጎ አየና «ጋሼ ጠና፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ቢበጠስስ?» አለው።

«የጠና ጠፍር አይበጠስም።»

እውነቱን ነው፤ አልተበጠሰም። ጠና ጠፍሩ በፀሐይ እንዳይደርቅ፣ አባቶቹ የከብት መጫኛ እንደሚያለሰልሱት አድርጎ፣ ጥሩ ለጋ ቅቤ ጠግቦ እስኪያንጠባጥብ ቀባው። በመጨረሻም ከበሩ ጉበን በላይ፣ ከጣራው ላይ ሆኖ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ አንዲት ቀጭን ሽንቁር በስቶ በሰም ደፈናት። ሠሪው ራሱ የማይከፍተው በር ለአናጺ ውርደት ነው ብሎ ያምን ነበር። በዚያች ሽንቁር ገብታ ምላሷን የምታነሣው ሽቦ ከባርኔጣው ጥምጥም ውስጥ አትለይም።

የቁርጡ ቀን ደረሰ። ልጅ ጠያቂው በሚጠየቅለት ቀን በዚያ አገር መታየት ነውር ነው፤ እንኳን የልጅቱ አባት የአባትየው ውሻም ሊያየው አይገባም። ጠና ይህን ያውቃል። ግን ሆዱ አልቻለም። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ጣራው ላይ ወጣና ከበርበሬ ጆንያዎቹ መሐል ሸራ ስር ገባ።

«ተገኘ፣ ብታየኝም አላየኸኝም።»

«አላየሁዎትም ጋሼ። እግርዎን ብቻ ያስገቡት፣ እሱን እያየሁት ነው።»

አንጋጫ ላይ ሾፌሩና ረዳቱ ተሳፋሪውን ቆልፈው ቁርስ ሊበሉ ወረዱ። ጠና ከሸራው ስር ሆኖ፣ ማስነጠሱን በሁለት እጁ አፍኖ፣ ከበታቹ የሚታኘክ ነገር ድምፅ ሰማ። አንድ ተሳፋሪ ሥጋ ይዞ ተሳፍሯል ማለት ነው አለ በሆዱ። እንዴት ያለ ጥርስ ነው! አደነቀ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ቆመ፤ አንድ ቡችላ ከንፈሩን እየላሰ፣ ጌታ መስሎ፣ ቀስ ብሎ መንገድ ተሻገረ።

ዱራሜ ላይ ወራጅ ስላልነበረ ሳይቆሙ አልፈው ሺንሺቾ ሲደርሱ ገበያው ቆሟል። አውቶቡሱ የሚቆመው ከአቶ ማቴዎስ ቤት ፊት ለፊት ነው። ተገኘ እንደ ልማዱ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወርዶ እጁን ወደ ጠፍሩ ሰደደ። እጁ ባዶ መጣ። እንደገና ሰደደው። ከዚያ በሩን እንደ ተጠርጣሪ ከላይ እስከ ታች ይዳብሰው ጀመር።

«ጠፍሩ የለም!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ጉድ! ቀዳዳው እርጥብ ነው! ተበልቷል!»

ጣራው ላይ ላለው ጠና የሰማው ማኘክ ምን እንደነበረ ገባው። ይህን ሳይውጥ በሸራው ቀዳዳ ወደ ማዶ ቢያይ ደግሞ የባሰ አየ፦ በአቶ ማቴዎስ በረንዳ ላይ ሦስት በርጩማ ተደርድሯል። ለሦስቱ ሽማግሌዎች ሦስት በርጩማ! ሰውዬው ቆርጠዋል፣ ሊያስቀምጧቸው ነው! ሽማግሌዎቹ ሃያ እርምጃ ተሻግረው ከቆሙ ትርፊት የእሱ ናት።

ሽማግሌዎቹ ግን አይወርዱም።

አቶ ማቴዎስ ጠበቁ። ጠበቁና ሲሰለቻቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ መስኮቱ መጡ። በፍርግርጉ ሲያዩ ሦስቱ ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለዋል። አቶ ማቴዎስ ክው አሉ።

«አቶ ሳህሉ! ምነው? ልጅ ሊጠይቁ መጥተው ተቀምጠው?»

አቶ ሳህሉ በድንጋጤ ብድግ ቢሉ ጭንቅላታቸው ጣራውን ገጨው፤ ጣራው ላይ ያለው ጠናም ከፍ ብሎ ወረደ። «ኧረ ቆመናል! ይኸው ቆመናል!» አሉ፣ ጎንበስ ብለው፣ አንድ እግራቸው የቅቤ ነጋዴዋ የእትዬ እልፍነሽ ቅርጫት ውስጥ።

«ዶሮዬን! ዶሮዬን ረገጡብኝ!» አሉ እትዬ እልፍነሽ። «ሽማግሌ ነኝ ብሎ ሰው ዶሮ ላይ ቆሞ ይለምናል?»

«ወርዳችሁ አነጋግሩኝ እንጂ» አሉ አቶ ማቴዎስ።

«ወርደን ነበር፤ ማለት ልንወርድ ነው። በሩ ትንሽ ተግደርድሮ ነው።»

በሩ መግደርደሩን ሺንሺቾ በሙሉ ለማየት መጣ። ሾፌሩ በብረት ፈነቀለው፤ ብረቱ ጎበጠ። ሁለት ጎረምሶች በትከሻ መቱት፤ ሁለቱም ትከሻቸውን ይዘው ሄዱ። አንዱ መጥረቢያ አመጣ፤ ወይራው መጥረቢያውን መልሶ ላከው። የገበያው ሰው ከሻጭ እስከ ገዢ ምክር ያዋጣል፤ ውስጥ ያለው ሕዝብ ላብ በላብ ሆኗል። አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፤ ተከትለውት ትልልቆቹም ቃጣቸው።

ጠና እንደ ዱላ ደርቆ ተኝቷል። ሽቦዋ ባርኔጣው ውስጥ ናት። እጁን ዝቅ ቢያደርግ ይከፍተዋል። ግን ከታየ አለቀለት፤ በገዛ ጥያቄው ላይ ጣራ ላይ ተኝቶ የተገኘ ወንድ በአገሩ ታሪክ የለም። ቢተኛ ደግሞ የሕፃኑ ድምፅ ከበርበሬው ብሶ ዓይኑን ያቃጥለዋል።

«ለመሆኑ ይህን በር የሠራው ማን ነው?» አሉ አቶ ማቴዎስ።

«አንድ... አናጺ ነው» አሉ አቶ ሳህሉ።

«ጠና ነዋ!» አሉ እትዬ እልፍነሽ። «የሆሳዕናው ጠና! እጁ ይያዝና!»

አቶ ማቴዎስ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥለው ሽማግሌዎቹን፣ ቀጥለው በፍርግርጉ ውስጥ የተጨናነቀውን ላበታም ፊት ሁሉ አዩ።

«የእኔን ልጅ የሚጠይቀው ጠና?»

አቶ ሳህሉ ጣራውን አዩ፤ ጠና ያዩት መሰለው።

«ቤቱንም በዚሁ እጁ ነው የሠራው፤ አይደል?» አሉ አቶ ማቴዎስ። «ልጄ አንድ ቀን አባቷን ልትጠይቅ ብትፈልግ በየት በኩል ልትወጣ ነው? በመስኮት ላነጋግራት?»

ዞር ብለው ወደ በረንዳቸው ሄዱ። አንዱን በርጩማ አንሥተው ወደ ቤት አስገቡ። ተመልሰው ወጥተው ሁለተኛውን አስገቡ። ጠና በየበርጩማው ነፍሱ አብራ ስትገባ ይታወቀዋል። በሦስተኛው ላይ እጃቸውን ጭነው ወደ መኪናው ጮክ አሉ፦

«አቶ ሳህሉ! ለላካችሁ ሰው እንዲህ ብላችሁ ንገሩልኝ፤ ልጄን...»

ከጣራው ላይ እንደ መድፍ ያለ ማስነጠስ ተሰማ። ሸራው ተገለጠ። ከራሱ እስከ እግሩ በበርበሬ የቀላ፣ እንባው በሁለት ጉንጩ የሚወርድ ሰው ቆመ።

አንዲት ሴት «የመጨረሻው ቀን ነው!» ብላ እንቁላሏን ጣለች። አቶ ማቴዎስ በርጩማው ላይ ተደግፈው ቀሩ፤ ያዩት ነገር ስም አልነበረውም።

ጠና ማንንም አላየም። በሆዱ ተኝቶ ሰሙን በጥፍሩ ፈልፍሎ ሽቦውን ሰደደ። ቀጭ አለ። በሩ ተከፈተ። ሕዝቡ ፈሰሰ፤ ከዚያ ውስጥ የወጣውን ሰው ብዛት ያየ ሰው ውስጥ ሳሉ የተዋለዱ መስሎት ነበር።

እትዬ እልፍነሽ ዶሮአቸውን አቅፈው ወደ ላይ አንጋጠጡ። «አንተ ሰው፣ እዚያ ሆነህ ጩኸታችንን ትሰማ ነበር?»

«እሰማ ነበር፣ እትዬ።»

«እና?»

«ዛሬ መታየት የለብኝም ብዬ ነው።»

«አሁን አማረብህ! ከነበርበሬህ ታየህ!»

ሳቁ አካባቢውን አናወጠው። በሳቁ መሐል ትርፊት እጇ ጠመኔ እንደነካው ከቤት ወጥታ በሩ ስር መጣች። ጠና ከጣራው ወርዶ ፊቷ ቆመ።

«አቶ ጠና፣ ያን ጊዜ አንድ ነገር ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

«ሽማግሌ ላኩብኝ እንጂ መልሱን አልላኩልኝም።»

ጠና ይህን ያህል የደነገጠበት ቀን የለም፤ እውነት ስለሆነ። ለመልስ ያለው እጁ ብቻ ነበር። ከረዳቱ ከተገኘ መሮ ተቀብሎ አውቶቡሱ ውስጥ ገባና ያን ሣጥን፣ በትምክህት የገጠመውን ጣውላ፣ ሰው ሁሉ እያየ ቦደሰው። ያቺ ምላስ የሚላት እንጨት ወጣች። የሚያስርባት ነገር ቢፈልግ ጠፍር የለም። ቀበቶውን ፈትቶ አሰረባትና ጫፉን ወደ ውስጥ፣ የተቀመጠ ሰው እጅ በሚደርስበት፣ አንጠለጠለው። ከዚያ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ ወረደ።

ትርፊት ምንም ሳትል ገባች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ወይራው ገባ፣ የእንጨቷ ምላስ ወደቀች፣ ጸጥ አለ። ጠና ላቡ ይወርዳል፤ ቀበቶው አጭር ይሆን? ትንሽ ቆየች። ምን ታደርጋለች? አቶ ሳህሉ መጸለይ ጀመሩ። እትዬ እልፍነሽ እንኳ ዝም አሉ።

ቀጭ።

በሩ ተከፈተና ትርፊት ደረጃውን ወረደች። የእጇን ጠመኔ በቀሚሷ እየጠረገች ወደ አባቷ ዞረች።

«ይከፈታል» አለች።

አቶ ማቴዎስ ልጃቸውን አዩ። ሱሪውን ይዞ የቆመውን ቀይ ሰው አዩ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው አንዱን በርጩማ ይዘው ወጡ፤ ተመልሰው ሌላውን አመጡ። ከቀረው ጎን አሰለፏቸውና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ተቀመጡ» አሉ።

«ኧረ አቶ ማቴዎስ፣ ከሆሳዕና ጀምሮ ተቀምጠን መቀመጫችን አልቋል!» አሉ አቶ ሳህሉ፤ ብለው ግን ሮጠው ተቀመጡ።

ጠና ብቻ ቆሞ ቀረ። በገዛ ጥያቄው ላይ የተገኘ ወንድ ይቀመጥ አይቀመጥ፣ ደንብ አልወጣለትም። አቶ ማቴዎስም አቶ ሳህሉም ተያዩ፤ የሚያውቅ የለም። እሱ ሱሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

ትርፊት ወደ ቤት ገብታ አራተኛ በርጩማ ይዛ መጣች።