የጋኔኑ ዳቦ

እኔና ጓደኛዬ ሃያ ዓመት ሙሉ “ለጥምቀት ታች ሰፈር እንሂድ”፣ “ለፋሲካ እንሂድ” ስንባባል ኖርን። ባለፈው ኅዳር እሱ ሞተ። እሱ ከሞተ በኋላ ለእኔ ጊዜ ተገኘልኝና አንድ ዓርብ ጠዋት ብቻዬን አርብ ገበያ ከተማ ደረስኩ። ምን ዋጋ አለው!

ታች ሰፈር ከዚያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ድሮ ከተማ ነበር ይላሉ። ላይኛው ፈርሶ የገብስ እርሻ ሆኗል፤ የቀሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ሥር፣ ከመሬት በታች የተፈለፈሉት ክፍሎች ናቸው። ማን እንደፈለፈላቸው የሚያውቅ የለም። “ሰፈሩ ባለቤት አለው” ይባላል። ባለቤት የሚሉት ጋኔኑን ነው፤ ስሙን መጥራት ይፈራሉ። ከብት እንኳ በመግቢያው በር አያሳልፉም።

በልጅነታችን እኔና እሱ ኮረብታው ላይ ቅኔ እንማር ነበር። የቆሎ ተማሪ የሚኖረው በልመና ነው፤ በየደጁ እየዞረ “በእንተ ስማ ለማርያም” ይላል። እኔ ግን እቴ! የባለጠጋ ልጅ ነኝ ባይ፣ የሰው ፊት እሳት ነው እያልኩ ጎጆዬ ውስጥ እቀመጣለሁ። ጓደኛዬ ለምኖ ያመጣውን ሲያካፍለኝም “በልቻለሁ” እለዋለሁ። አንድ ክረምት ሳል ያዘኝ፤ አጥንቴ ይቆጠር ጀመር።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጓደኛዬ እየሮጠ መጣ። ባል የሞተባቸው አንዲት ሴትዮ በየሰኞው ለጋኔኑ ዳቦ ታች ሰፈር በር ላይ ያስቀምጣሉ አለኝ። ለጋኔን የተሰጠ ይበላል አይበላም ብለን ተከራከርን፤ በክርክር መቼም አልችለውም ነበር። “ካማተብንበት የእግዚአብሔር ነው” ብሎ ዘጋው። እኔም ከመለመን ከጋኔን መስረቅ ተሻለኝ። ኩራት እንዲህ ያጃጅላል።

ጨለማው ክፍል ውስጥ ተደብቀን ሴትዮዋ እስኪሄዱ እንጠብቃለን። አንድ ቀን ገና ዞር ሲሉ ጓደኛዬ ያን ወፍራም ድምፁን ለቀቀው፦ “ጨው አነሰው!” ወይ ጉድ! ሴትዮዋ ነጠላቸውን ጥለው በረሩ። እኔ ሳቄን አፍናለሁ ብዬ በሳል ልሞት ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ የመጣው ዳቦ ጨው ነበረው።

ክረምቱን በዚያ ዳቦ ወጣሁት። በኋላ ትምህርቱን ትተን ደብረ ታቦር በአንድ ሚኒባስ ላይ በፈረቃ መንዳት ስንጀምር ነገሩ ይከነክነኝ ገባ። አንዲት ድሃ አስፈራርተን አፋቸው ላይ ያለውን ነጥቀን በላን። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቢሞቱ ምን ይውጠኛል? ይህን ባልኩ ቁጥር ጓደኛዬ “አብረን ነው የምንሄደው” ይለኝ ነበር። አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ “ብቻህን እንዳትሄድ፣ ልዳንና እንሄዳለን” አለኝ።

ያን ዓርብ በመጀመሪያ ታች ሰፈር ገባሁ፤ ሴትዮዋን ፊት ለፊት ማየት ስለፈራሁ ነው። የስልኬን መብራት አበራሁ። የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል። የተደበቅንበት ክፍል እንዳለ ነው፤ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ናፈቀኝ። ጋኔኑ መጥቶ በእሱ ድምፅ ቢናገር ደስታዬ ነበር። ምንም አልመጣም።

ወጥቼ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። መንኩሰዋል፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

“እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጋኔኑ እኛ ነበርን።”

“አውቃለሁ” አሉ። “ባለ ሳሉ አንተ ነህ። ለመሆኑ ጋኔን ምን ጨው ያውቃል!”

ቀና ብዬ አየኋቸው።

“ያ ጓደኛህ እዚህ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያለቀሰውን ልቅሶ! ‘ለምኜ ብሰጠው አልበላ አለኝ፣ ይሞትብኛል። እርስዎም ቢሰጡት አይቀበልም። ለጋኔኑ ነው ብለው ያስቀምጡለት’ አለኝ። እንዳልነግርህም አስማለኝ። ያን ቀን ሲጮህ ግን ከልቤ ደነገጥኩ፤ ይኼን አልተነጋገርንም ነበር!” ብለው ሳቁ።

ሃያ ዓመት አብሮኝ ሲሠራ ትንፍሽ አላለም። እኔ ደግሞ ለሰው ስነግር፣ ዘዴ አዋቂው ሌባ እሱ ነው እያልኩ እስቅበት ነበር።

“እሱስ የታለ?” አሉኝ። “ክረምት ላይ በደብራችን ቄስ ስልክ ደውሎልኝ፣ አሁን ልነግረው ነው፣ አብረን እንመጣለን ብሎኝ ነበር።”

“ባለፈው ኅዳር…” ብዬ ጀመርኩ። ገባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው የገብስ ዳቦ ይዘው ወጡ።

ተነሥቼ በሁለት እጄ ለመንኩ። “በእንተ ስማ ለማርያም” አልኩ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። እማሆይ ዳቦውን ከሁለት ቆርሰው ሁለቱንም መዳፌ ላይ አኖሩት።

ቀመስኩት። አርጅተዋል፤ ጨው ረስተዋል። ዝም ብዬ ልበላ ነበር፤ ግን እሱ ቢኖር ዝም አይልም ነበር።

“እማሆይ፣ ጨው አነሰው” አልኳቸው።

እየሳቁም እያለቀሱም ጨው ሊያመጡ ገቡ።